የባር ግራፍ ፊደላት
በስታቲስቲክስ፣ የቡድኖች አማካይ ሲነጻጸር የትኛው ከየትኛው እንደሚለይ ለማሳየት ከባሮች አናት ላይ የሚጻፉ ምልክቶች። ቢያንስ አንድ ፊደል የሚጋሩ ቡድኖች በተመረጠው የስህተት ደረጃ (አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ) ጉልህ ልዩነት የላቸውም፤ ምንም የማይጋሩት ይለያያሉ።

አጠቃቀም። በኢትዮጵያ በግብርና ምርምር የተለመደ ነው። ለምሳሌ በምሥራቅ ጎጃም፣ በደባይ ጥላት ግን ወረዳ ዋና ከተማ በቁይ ዙሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀው ቁንጮ ጤፍ ከሌሎች ሁለት ዝርያዎች ጋር ተነጻጽሮ ባሮቹ «ሀ»፣ «ሀለ» እና «ለ» ቢባሉ፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ይለያያሉ፤ መካከለኛው ግን ከሁለቱም አልተለየም። በሳይንሳዊ መጽሔቶች የተለመደው የላቲን ፊደል ነው።

ስሌት። አስቀድሞ የልዩነት ትንተና (አኖቫ) ይሠራል። ከዚያ የፊሸር (እ.ኤ.አ. 1935) ወይም የቱኪ (እ.ኤ.አ. 1949) ፈተና ጥንዶቹን ያነጻጽራል። ውጤቱን ወደ ፊደል የሚቀይር ስልት ጀርመናዊው ሃንስ ፒተር ፒፎ እ.ኤ.አ. በ2004 አሳትሟል።

ጥንቃቄ። የግራፉ መግለጫ የፈተናውን ስም፣ የድግግሞሹን ብዛትና የስህተት መስመሩ ምን እንደሚለካ መጥቀስ አለበት። ፊደል መጋራት ልዩነት አለመረጋገጡን እንጂ እኩልነትን አያስረዳም።