የለም የተባለው አሻራ

ልጆች ሳለን ሳንቲም ከወረቀት ስር አድርገን በእርሳስ ስናጠቁረው የሳንቲሙ ምስል ብቅ ይል ነበር። የ15 ዓመቷ እንግሊዛዊት ቲና ኒገስም በ1956 (እ.ኤ.አ.) ያደረገችው ይህንኑ ነው። ከእሷ ወረቀት ስር የነበረው ግን ወደ 560 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ ፍጡር ነው።

ቦታው በሌስተርሸር የሚገኘው የቻርንውድ ደን ነው። ቲና አለት ላይ ላባ የመሰለ አሻራ አይታ ለመምህሯ ነገረች። በቅድመ ካምብሪያን አለት (ከ539 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በተፈጠረው) ውስጥ ቅሪተ አካል የለም፣ ተባለች። በመምህሯ አልፈርድም፤ የዘመኑ መጻሕፍት የሚሉት ያንኑ ነበር። ዳርዊን ራሱ በ1859 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከታወቁት ጥንታዊ ቅሪተ አካላት በታች ያሉት አለቶች ባዶ መምሰላቸው እንዳስጨነቀው አልሸሸገም። ልጅቷ ግን ወላጆቿን ለምና ተመልሳ ሄደች፤ አሻራውንም በእርሳስ ገለበጠችው። ሰሚ አላገኘችም።

በዓመቱ ሮጀር ማሰን የተባለ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር እዚያው ደን ውስጥ ገደል ሲወጣ ያንኑ አሻራ አየ። እሱም ገልብጦ ለአባቱ አሳየ። አባቱ ትሬቨር ፎርድ የተባሉ የሥነ ምድር ምሁር ያውቁ ነበር። ፎርድ ሄደው አዩ፤ በ1958 ጽፈው አሳተሙ፤ ፍጡሩንም «ቻርኒያ ማሶኒ» አሉት። ግማሹ ስም የደኑ፣ ግማሹ የልጁ ነው። ሁለቱም ልጆች ያዩት አንድ ነገር ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው አባትየው የሚያውቁት ሰው ነው ባይ ነኝ።

ፎርድ ቻርኒያን አልጌ ነው ብለው ነበር። ይሁንና ይኖር የነበረው ብርሃን በማይደርስበት ጥልቅ ባሕር ነው፤ እዚያ ደግሞ አልጌ አይበቅልም። ግርጌውን ከባሕሩ ወለል ተክሎ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። አጥንት የለው፣ ዛጎል የለው፤ አፍም ሆነ አንጀት እስካሁን አልታየበትም። ምግቡን ከውሃው በገላው ይስብ እንደነበር ይገመታል። ለእኛ ያቆየው በላዩ የረጋው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው።

ሬግ ስፕሪግ በ1946 በአውስትራሊያ ኤዲያካራ ኮረብታዎች ተመሳሳይ ለስላሳ ፍጡራንን አግኝተው ነበር፤ ዕድሜያቸው ግን የካምብሪያን መስሏቸው ነበር። የቻርንውዱ አለት ቅድመ ካምብሪያን መሆኑ ስለማያጠራጥር እንዲህ ያሉ ፍጡራን ከካምብሪያን በፊት ኖረዋል ወይ የሚለው ክርክር በረደ። ከ635 እስከ 539 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያለው ዘመን በ2004 «ኤዲያካራን» ተብሎ በይፋ ጸደቀ።

ማሰን አድገው የሥነ ምድር ፕሮፌሰር ሆኑ፤ ቀድማ ያየችው ቲና መሆኗንም በአደባባይ ተናግረዋል። የፍጡሩ ስም ዛሬም ቻርኒያ ማሶኒ ነው።