የአዳም ስሚዝ የእጅ ጽሑፍ፤ ስለ አሰባሰቡና ስለ ዋጋው

የታላላቅ ሰዎችን የእጅ ጽሑፍና ፊርማ መሰብሰብ በአውሮጳ የቈየ ልማድ ነው። በአገራችን የነገሥታት ደብዳቤ ይታመን የነበረው በራስጌው በታተመው ማኅተም እንጂ በፊርማ ስላልነበረ፥ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ስም ስለ ተጻፈባት ብቻ በብዙ ገንዘብ ተሸጠች ሲባል መጀመሪያ ለሚሰማው ሰው እንግዳ ነገር ይሆንበታል። ነገር ግን ወረቀቱ የሚገመትበትን መንገድ ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው፥ ነገሩ ከታሪክ ምርመራ ጋር የተያያዘ ሆኖ ያገኘዋል። ለዚህም ከስኮትላንዳዊው የኤኮኖሚ ሊቅ ከአዳም ስሚዝ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

አዳም ስሚዝ በ1723 ኪርካልዲ በምትባል ከተማ ተወለደ። ከ1751 እስከ 1764 በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኖ አስቀድሞ ሎጂክን፥ ቀጥሎም የሞራል ፍልስፍናን አስተማረ። ስሙን በዓለም ያስጠራው ስለ ሕዝቦች ሀብት የጻፈው መጽሐፍ በመጋቢት ወር 1776 በሎንዶን በሁለት ጥራዝ ታተመ። ከ1778 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ በኤድንበርግ የጉምሩክ ኮሚሲዮነር ነበረ። የንግድን ነጻነት ያስተማረ ሰው የመጨረሻ ዘመኑን በጉምሩክ መሥሪያ ቤት መፈጸሙ ያስገርም ይሆናል፤ ለፊርማ ሰብሳቢዎች ግን ጠቅሟቸዋል፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እናየዋለን።

የስሚዝ የእጅ ጽሑፍ ብርቅ የሆነው ዘመን ስላጠፋው ብቻ ሳይሆን፥ ባለቤቱ ራሱ ስላስጠፋውም ነው። ገና በ1773 ለወዳጁ ለፈላስፋው ለዴቪድ ሂዩም በጻፈው ደብዳቤ፥ ሞት ቢቀድመው ስለ ሥነ ፈለክ ታሪክ ከጻፈው በቀር የቀረው ወረቀቱ ሳይመረመር እንዲጠፋ አደራ ብሎት ነበር። ዳሩ ግን ሂዩም ራሱ በ1776 ቀድሞት ሞተ። ስሚዝም በ1790 ዕለተ ሞቱ መቅረቡን ባወቀ ጊዜ፥ የኬሚስትሪውን ሊቅ ጆሴፍ ብላክንና የምድርን አፈጣጠር የመረመረውን ጄምስ ሃተንን፥ 16 ጥራዝ የሚሆነውን ጽሑፍ እንዲያቃጥሉለት ለመናቸው። እነርሱም ፈቃዱን ፈጸሙለት። ከጥቂት ቀን በኋላ፥ ሐምሌ 17 ቀን፥ ዐረፈ። ከእሳት የተረፉት ድርሰቶቹ በ1795 ታተሙ።

ያልታረመ ሥራ ወደ ሕዝብ እንዳይወጣ መፈለግ የጠንቃቃ ጸሐፊ ጠባይ ስለ ሆነ በስሚዝ አልፈርድም። የወዳጅን የመጨረሻ አደራ በፈጸሙት በሁለቱ ሊቃውንትም እንዲሁ። ይሁን እንጂ ከተቃጠለው መካከል ስለ ሕግና ስለ መንግሥት አሳትማለሁ ብሎ በ1759 ተስፋ የሰጠበት ሥራ እንደ ነበረበት ስለሚታመን፥ ይህን በሚያነብ መምህር ልብ ውስጥ ቅሬታ መቅረቱ አይቀርም።

ሁለተኛው ምክንያት ከእጁ የመጣ ነው። ስሚዝ ፊደልን የሚጽፈው እንደ ተማሪ ልጅ በትልልቁና ቀስ እያለ ነበር፤ መጻፍም ይከብደው ነበር። ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ በቃሉ ሲናገር ጸሐፊው ይጽፍለት ነበር። ከዚህ የተነሣ አሳቡ የእርሱ፥ እጁ ግን የሌላ ሰው የሆነ ወረቀት ይገኛል። በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ፕሮፌሰር ስኮት በ1937 ያሳተመው፥ የታላቁ መጽሐፍ የመጀመሪያ ረቂቅ ነው የተባለው ጽሑፍ፥ በጸሐፊ እጅ የተጻፈ ሲሆን ስሚዝ ያረመው ነው። የነጋዴ ሚዛን እንዲህ ያለውን ወረቀት ከፊርማ ዝቅ አድርጎ ሊገምተው ይችላል፤ የሊቃውንት ሚዛን ግን ከብዙ ፊርማ ያስበልጠዋል።

የእጅ ጽሑፍ አዋቂዎች ዋጋ ሲተምኑ አስቀድመው የሚጠይቁት፥ ወረቀቱ በሙሉ በባለቤቱ እጅ ተጽፏልን ወይስ ፊርማው ብቻ የእርሱ ነው? ብለው ነው። ቀጥሎም ስለ ምን እንደ ተጻፈ፥ ለማን እንደ ተላከ፥ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እያለፈ እንደ መጣ ይመረምራሉ። ስሚዝ ስለ መጽሐፉ ለሂዩም የጻፈው አንድ ደብዳቤ ከብዙ የጉምሩክ ወረቀት ይበልጣል። ከጉምሩክ ቦርድ የሚወጣ ደብዳቤ ኮሚሲዮነሮቹ አብረው የሚፈርሙበት ስለ ነበረ፥ ሊቁ በሥራ ገበታው ላይ ያኖረው ፊርማ በዚሁ መንገድ ተርፎልናል። ደራሲው ዋልተር ስኮት እንደ ተረከው፥ ስሚዝ አንድ ቀን በአሳብ ተውጦ ሳለ የመሥሪያ ቤት ወረቀት እንዲፈርም ቀረበለትና፥ የራሱን ስም በመጻፍ ፈንታ ከእርሱ በፊት የፈረመውን ባልደረባውን ፊርማ አስመስሎ ጻፈ። ይህች ወረቀት ዛሬ ብትገኝ ሰብሳቢው በምን ያህል ይገምታት ይሆን?

የግል ደብዳቤዎቹ የተረፉት በተቀባዮቹ ቤት ስለ ተቀመጡ ነው፤ እርሱ የጻፋቸውና ወደ እርሱ የተጻፉለት ተሰብስበው በ1977 በአንድ መጽሐፍ ታትመዋል። ነገር ግን ሰብሳቢ ሁሉ ጠባቂ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዓመት ብዙዎች የታላላቅ ሰዎችን ደብዳቤ ፊርማውን በመቀስ እየቈረጡ በአልበም ላይ ይለጥፉ ነበር። የቀረው ወረቀት፥ ማለት አሳቡ፥ ቀኑና የተቀባዩ ስም ያሉበት ክፍል፥ ይጣል ነበር። ለሁለት ቃላት ሲባል ሙሉ ምስክርነት መጥፋቱ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ታሪክን ወደደ ለማለት ያዳግተኛል።

ለእኛ ለመምህራን ግን ከሁሉ የሚያስደንቀው፥ ስሚዝ በእጁ ያልጻፈው ወረቀት ነው። ትምህርቱን በሚሰጥበት ሰዓት ተማሪዎች መጻፋቸውን አጥብቆ ይጠላ ነበር ይባላል። የተከለከለው ነገር ሁሉ አልቀረም። በ1895 ስለ ሕግ ያስተማረውን ከተማሪ ማስታወሻ የተቀዳ አንድ ደብተር ለኤኮኖሚ ምሁሩ ለኤድዊን ካናን ተጠቆመ፤ እርሱም በ1896 አሳተመው። በአገራችን የመጻሕፍት አንድምታ በጽሑፍ ከመስፋፋቱ በፊት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ሲወርድ እንደ ኖረ ለሚያውቅ ሰው፥ የመምህር ቃል በተማሪ በኩል መትረፉ እንግዳ አይሆንበትም።

በ1958 ደግሞ የአበርዲን ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ጆን ሎቲያን ከአንድ የመኳንንት ቤት ቤተ መጻሕፍት ለሽያጭ ከወጡት ጥራዞች መካከል በ1762 እና በ1763 ተማሪዎች የጻፏቸውን ማስታወሻዎች ገዛ። ከእነዚህ አንዱ ስለ ንግግር ጥበብ፥ ሌላው ስለ ሕግ የተሰጠ ትምህርት ነበር። አንድም የስሚዝ ፊርማ የሌለባቸው እነዚህ ደብተሮች፥ በእሳት ከጠፋው ትምህርት ብዙውን መለሱልን። ስለ ንግግር ጥበብ ያለው በ1963፥ ስለ ሕግ ያለው በ1978 ታተመ። ደብተሮቹ ስሚዝ ወዳስተማረበት ወደ ግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ገብተው ይገኛሉ። የንግግር ጥበቡ ደብተር የሚጀምረው ከሁለተኛው ትምህርት ነው፤ የመጀመሪያው የለበትም።