የሕዝብ ልብና ቍጥሩ

ሕዝብን የሚገዛ ሁሉ የሕዝቡን ልብ ማወቅ ይገባዋል፤ ነገር ግን ማንን ጠይቆ እንደሚያውቀው መለየት እጅግ ያስቸግራል። የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም ሕዝቡ ቀንበሩን እንዲያቀልለት በለመነው ጊዜ ምክር ሳይጠይቅ አልቀረም፤ ሽማግሌዎቹንም አብሮ አደጎቹንም ጠይቋል። ሆኖም ደስ የሚያሰኘውን የአብሮ አደጎቹን ቃል ስለ መረጠ፥ ዐሥሩ ነገድ ከእጁ ወጣ።

በአገራችንም የቀድሞ መኳንንት «እረኛ ምን አለ?» ብለው የመጠየቅ ልማድ ነበራቸው። እረኛ ከብቱን እየጠበቀ ሲያንጐራጕር የሚለምነው ሹመት የለውምና፥ በአደባባይ የማይነገረው ነገር በእርሱ አፍ ይሰማ ነበር።

በአሜሪካ ደግሞ ይህንኑ የሕዝብ ልብ በቍጥር ለመለካት የተነሣ «ሊተራሪ ዳይጀስት» የሚባል ሳምንታዊ መጽሔት ነበር። በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1916 እስከ 1932 በተደረጉት ምርጫዎች ማን ፕሬዚዳንት እንደሚሆን አስቀድሞ ተናግሮ ስለ ተሳካለት ስሙ ገነነ። በ1936ም ለ10 ሚሊዮን ሰዎች የጥያቄ ወረቀት ላከ፤ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጡትም መለሱ። 1,293,669 ሰዎች ላንደንን፥ 972,897 ሰዎች ሩዝቬልትን እንመርጣለን ስላሉ፥ መጽሔቱ ላንደን ያሸንፋል ሲል አወጀ። የምርጫው ቀን በደረሰ ጊዜ ግን ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱ ለሩዝቬልት ሆኑ፤ ለላንደን የቀሩለት ሜይንና ቨርሞንት ብቻ ናቸው። መጽሔቱም ሁለት ዓመት ሳይቈይ ተዘጋ።

የስሕተቱ ምክንያት የቍጥር ማነስ አይደለም። የተጠያቂዎቹ ስም በብዛት የተለቀመው ከስልክ መዝገብና ከአውቶሞቢል ባለቤቶች መዝገብ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ሕዝብ ሥራ አጥቶ ነበርና፥ ስልክና አውቶሞቢል ያለው ይልቁን ባለጸጋው ነው፤ በሩዝቬልት ርዳታ ተስፋ ያደረገውን ድኻ በቂ ሆኖ የጠየቀው የለም። ከተጠየቁትም ውስጥ ከ7 ሚሊዮን የሚበልጡት ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ግን ከሒሳብ አልገባም። ከታላላቆቹ ጋዜጦችም አብዛኞቹ ሩዝቬልትን ይቃወሙ ነበር። የሕዝብ ሐሳብ ግን በጋዜጣ ብቻ አይሠራም፤ በቤት ውስጥ ባለው እንጀራ፥ በገበያ ወሬ፥ በሬዲዮም በሚሰማው ድምፅ ይሠራል።

በዚያው ዓመት ጆርጅ ጋለፕ የሚባል ሰው እጅግ ያነሱ ሰዎችን ጠየቀ፤ ነገር ግን ከባለጸጋውም ከድኻውም፥ ከከተማውም ከገጠሩም በየመጠኑ ስለ ወሰደ፥ ሩዝቬልት እንደሚያሸንፍ በትክክል ተናገረ። ይሁን እንጂ በ1948 እርሱም ተሳሳተ፤ ምርጫው ሳይደርስ መጠየቁን አቁሞ ዲዌይ ያሸንፋል አለ፥ ያሸነፈው ግን ትሩማን ሆነ። የሰው ልብ እስከ መጨረሻው ቀን ይለወጣልና።

እንግዲህ የብዙ ሰዎች መልስ የሕዝብ ሁሉ መልስ አይደለም። ሮብዓም የሰማው አብረውት ያደጉትን ነው፤ መጽሔቱም የሰማው ስማቸው በመዝገብ የተገኘውን ነው። ሹምም ቢሆን፥ የነፍስ አባትም ቢሆን፥ ጋዜጣ አዘጋጅም ቢሆን፥ «ሕዝቡ እንዲህ አለ» ከማለቱ በፊት የመለሱትን ብቻ ሳይሆን ያልተጠየቁትንም ይቍጠር። የቀድሞ ሰዎች ወደ እረኛው ጆሯቸውን ያዘነበሉት ስለዚህ ነው።