ጉልበት የሌለው ሰው በዘመቻ ዘመን

ዐድዋን ስንማር ብዙዎቻችን የአፄ ምኒልክን የክተት አዋጅ በቃላችን ይዘናል። በመስከረም 1888 ዓ.ም. የታወጀ ነው። እስቲ ደግማችሁ ስትሉት አንድ ነገር ልብ በሉ። ንጉሡ ጉልበት ያለውን በጉልበቱ፣ ጉልበት የሌለውን ግን በሐዘኑ እንዲረዳቸው ነው የጠየቁት። ቁጣቸው የወረደው እየቻለ ወስልቶ በሚቀረው ላይ ነው። አዋጁ ዐይነ ስውር ወይም አንካሳ ብሎ አይዘርዝር እንጂ፣ ደካማውን ከወስላታው ለይቶታል። ሙሴም ሕዝቡን ሲቆጥር (ዘኍ. 1፥3) 20 ዓመት የሞላውን ሁሉ ሳይሆን፣ ከእነዚያ ውስጥ ለጦርነት መውጣት የሚችለውን ነበር።

አሁን ወደ አባቶቻችን ዘመን እንምጣ። ደርግ በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ አወጣ። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ሰው 6 ወር ሠልጥኖ 2 ዓመት ያገለግላል ተባለ። ወረቀቱ ላይ ሥርዓት ያለው ነገር ይመስላል። ወደ ታች ሲወርድ ግን በየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ሆነ፤ ኮታ ደግሞ የሚያየው ቁጥር እንጂ ሰው አይደለም። ቁጥሩ ሲጎድል በገበያ፣ በመንገድ አፈሳ ይደረግ ነበር። ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ሳይቀር ታፍሷል። በምኒልክ ጊዜም ግዴታ አልነበረም አልልም፤ ነገር ግን ማን እንደሚችል የሚያውቀው ጎረቤቱ ነበር።

በንፋስ መውጫ የሚኖሩ አንድ አባት አሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ እግራቸው አጭር ነው። የታፈሱት ዘመድ ባለው በሌላ ሰው ፋንታ ነው። ማሠልጠኛ ሲደርሱ ሐኪሙ አይቶ፣ «ይህን ደግሞ ማን አመጣው?» ብሎ መለሳቸው። መዳናቸው ነው ትሉ ይሆናል። አገራቸው ሲገቡ ግን ልጆቻቸው የቀሩባቸው እናቶች ፊታቸውን አዞሩባቸው፤ ጎረምሶቹም «ለጥይት እንኳ ያልሆነ» አሏቸው። ከአፈሳው ይልቅ ይህ እንዳመማቸው ነው የነገሩኝ።

በጋይንት፣ በስማዳ፣ በእስቴ ያላችሁ፣ እንዲህ ያሉ አባቶች በየቤታችሁ አሉና ጠይቋቸው። እኒህ አባት 2ኛ ሳሙኤል 19 ሲነበብ ይስቃሉ። ሲባ አታሎት የቀረውን፣ እግሩ ሽባ የነበረውን ሜምፊቦስቴን «የእኔ ተቃራኒ» ይሉታል። «እሱ ልሂድ ሲል ተዉት፤ እኔ ልቅር ስል ወሰዱኝ።»