ከበርገን ሰገነት የወጣው ሐምራዊ መስመር

በርገን ከተማ አሌጋተን 33 ቁጥር በኩል ባለፍሁ ቁጥር ቀና ብዬ የቤቱን ጣሪያ አያለሁ። በዚህች የኖርዌይ ወደብ የምተዳደረው በጀልባ ሥራ ነው፤ ትንበያ ሳልሰማ ከቤት አልወጣም። ያ ትንበያ ዛሬም የሚመራባቸው ሐሳቦች የበሰሉት ከዚያ ጣሪያ ሥር ባለው ሰገነት ላይ ነው።

በዚያ ሰገነት የሠራው የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ቢየርክነስ ከላይፕሲግ ወደ በርገን የመጣው እ.ኤ.አ. በ1917 ነበር። ኖርዌይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ገለልተኛ ብትሆንም ከእንግሊዝ የሚመጣው የአየር ዘገባ ተቋርጦባታል፤ እህልም አጥሯል። ማዕበሉ የሚመጣው ደግሞ ከምዕራብ ነው። ስለዚህ ቢየርክነስ በ1918 የበጋ ወራት ለገበሬው ትንበያ ለመስጠት ሲነሣ፣ የመብራት ማማ ጠባቂዎችና ዓሣ አጥማጆች ሰማዩን እያዩ እንዲያሳውቁት አደረገ። የታዛቢ ጣቢያዎች በባሕሩ ዳር በዙ።

ከዚያ ዘገባ ልጁ ያኮብ የማዕበልን ቅርጽ አወጣ፦ ከፊት ሞቃት ግንባር (ግንባር ማለት ሞቃትና ቀዝቃዛ አየር የሚገናኙበት መስመር ነው)፣ ከኋላ ቀዝቃዛ ግንባር፣ በመካከላቸው ሞቃት አየር። አንዳንዱ ማዕበል ግን ሁለት መስመር አልሰጥ አለ። እንቆቅልሹን በ1919 መገባደጃ የፈታው ስዊድናዊው ቶር ቤርየሮን ነው። ቀዝቃዛው ግንባር ይፈጥናል፤ ከፊቱ ባለው ሞቃት ግንባር ላይ ይደርስበትና ሞቃቱን አየር ከምድር ያነሣዋል። ሞቃቱ አየር ከላይ ሆኖ ያዘንባል። ኦክሉዥን የሚባለው ይህ ነው፤ ካርታ ላይ በሐምራዊ ይሰመራል። ያኮብና ባልደረባው ሃልቮር ሶልበርግ በ1922 ባወጡት ጥናት መሠረት ማዕበል ይወለዳል፣ ይጎለምሳል፣ ከኦክሉዥን በኋላ ያረጃል።

እርጅናው ግን አያዘናጋም። እንዲህ ያረጀ ማዕበል ሲመጣብን መጀመሪያ ስስ ደመና ፀሐይዋን ይጋርዳል፤ ባሮሜትሩ ይወርዳል፣ የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይበረታል። ደመናው ዝቅ ብሎ ተራራውን ይውጠዋል፤ ዝናቡ ለሰዓታት አያባራም። ከዚያ ነፋሱ ድንገት ወደ ምዕራብ ይዞራል፣ ባሮሜትሩ መውጣት ይጀምራል፣ ዝናቡም መጣ ሄድ ይላል። ገመድ የምናጠብቀው ነፋሱ ሳይዞር ነው፤ ከዞረ በኋላ ሞገዱ ጀልባዋን በጎን ይመታታል።

የሊቃውንቱን ሒሳብ አከብራለሁ። ሆኖም ጣቢያ ባይበዛ ኖሮ ቤርየሮን የሁለቱን መስመር መገናኘት የሚያይበት ካርታ አይኖረውም ነበር። ስለዚህ የዚህ ሳይንስ ታሪክ ሲነገር የማማ ጠባቂዎቹም ይጠሩ፤ ዛሬም በየአገሩ የዝናብ መለኪያ ለሚያነብ ታዛቢ የሚገባው ክብርና ክፍያ ይሰጠው።