ጄኔሬተራችሁ ጥቁር ጭስ ካወጣች መጀመሪያ ኤር ፊልተሯን እዩ

5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ የሚገኘው እዚሁ ክልላችን፣ ጉባ ውስጥ ነው። አሶሳ ላይ መብራት ሲጠፋ ግን ፀጉር ቤቱም ፎቶ ኮፒ ቤቱም ያቺኑ ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ነው የሚያስነሳው።

ታዲያ ጥቁር ጭስ ካወጣች፣ ጉልበቷ ከቀነሰ፣ ቤንዚን ከወትሮው በላይ ከጠጣች፣ ካርቡሬተር ለማስፈታት አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ የተደፈነው አየር ማጣሪያው፣ ማለትም ኤር ፊልተሩ ነው። በቂ አየር ሳይገባ ቤንዚኑ በደንብ አይቃጠልም፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ብራችሁም በጭስ ማውጫው ይወጣል።

ሞተሩን አጥፉና እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ክዳኑን ከፍታችሁ ስፖንጁን አውጡ። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ እጠቡት። ስትጨምቁት በመዳፍ ተጫኑት እንጂ እንደ ልብስ አትጠምዝዙት፣ ይቀደዳል። በቤንዚን የሚያጥቡ አሉ፤ እሳት ነው፣ ተዉት። ከዚያ ጥላ ቦታ ላይ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ።

ብዙ ሰው የሚዘለው ቀጣዩን ነው። ስፖንጁ ላይ ትንሽ ንጹህ የሞተር ዘይት ጠብ አድርጋችሁ በእጃችሁ አዳርሱት፣ ትርፉን ጨምቃችሁ አውጡ። ደቃቁን አቧራ የሚይዘው ይሄ ዘይት ነው። ከበዛ ግን ስትነሳ ታጨሳለች። ማጣሪያው የወረቀት ከሆነ ውሃም ዘይትም አታስነኩት፤ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጋችሁ አራግፉት፣ ካልጸዳ ቀይሩት።

የብዙ ትንንሽ ጄኔሬተሮች መመሪያ በየ50 ሰዓቱ ወይም በየ3 ወሩ አጽዱ ይላል፤ አቧራ ባለበት ደግሞ ቶሎ ቶሎ። የኛ በጋ ይታወቃል፤ ቀዩ አፈር ይቦናል፣ ሳሩ ሲቃጠል አመዱ ከተማ ድረስ ይመጣል። እኔ በበጋ በየሳምንቱ ክፈቱት ባይ ነኝ፣ አስር ደቂቃ አይፈጅም።

አንዳንዱ ማጣሪያው ሲደፈንበት አውጥቶ ይጥለውና «በቃ ተስተካከለች!» ይላል። አዎ ትነሳለች። ግን አቧራው ሲሊንደሩንና የፒስተኑን ፋሻ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል። ከዚያ ዘይት መብላት ትጀምራለች፣ ጭሱ ሰማያዊ ይሆናል። እዚያ ከደረሰች ስፖንጅ ማጠብ አያድናትም፤ ሞተር ማስወረድ ነው።

አቧራ እንዳይነካት ብላችሁ ደግሞ ቤት ውስጥ እንዳታስገቧት። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ተኝቶ ይቀራል። ውጪ፣ ከበርና ከመስኮት ራቅ አድርጋችሁ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ደልዳላ ነገር ላይ አስቀምጧት።