ከጽድ ደን እስከ አዋሽ ዳር፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከይፋት ቆላ ሲታይ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ መንገደኛ፥ የደጋው ጉም ከበላዩ ሲቀር የይፋት ቆላ ከበታቹ እንደ ብራና ተዘርግቶ ይታየዋል፤ በስተቀኙ የወፍ ዋሻ ጽድና ዝግባ ገደሉን ይዞ ቆሟል፥ ከፊቱ የቀወት የማሽላና የጤፍ እርሻ እስከ ሸዋ ሮቢት ወርዷል፥ ከዚያም ወዲያ ሜዳው በግራር እየሳሳ ሄዶ ከአዋሽ በረሃ ይገባል። ይህን ሁሉ የሚያስተሳስረው የሮቢ ወንዝ ነው፤ ከደጋው ይነሣል፥ ቆላውን ያጠጣል፥ ወደ አዋሽ ያቀናል። ስለዚህም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ደንን፥ ውሃንና ድኻን እንዴት እንደ ያዘ ለመመርመር የሚሻ ሰው፥ ከቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ይልቅ ይህ ቁልቁለት የተሻለ መዝገብ ይሆነዋል።

የሸዋ ነገሥታት ዛፍን መውደዳቸው ከጥንት የመጣ ነው። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመናገሻን ተራራ በጽድ ሲያለብሱ ዘሩን ያስመጡት ከዚሁ ከወፍ ዋሻ እንደ ነበር በትውፊት ይነገራል። እኒያው ንጉሥ የሁለቱን ሰንበታትና የ33ቱን የእመቤታችንን በዓላት ሥርዓት ያጸኑ፥ በሃይማኖት ነገርም የወለዷቸውን ልጆች እንኳ ያልማሩ ነበሩ፤ ችግኝን የሚንከባከብ እጅ በሰው ላይ የግድ የሚራራ አለመሆኑን ልብ ይሏል። ከእርሳቸው በኋላ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ተቀምጠው ቆላውን ወላስማ በሚባለው ገዥ እጅ ሲያስተዳድሩ፥ ደጋው የዙፋን፥ ቆላው የገበያና የግብር ሆኖ ቀረ። የልዑል ራስ መኰንን እናት ወይዘሮ ተናኘ ወርቅ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ናቸውና፥ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደዚህ ገመገም የሚመለከቱት በቅድመ አያታቸው ዐይን ጭምር ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ንጉሠ ነገሥቱ ወግ አጥባቂ ሲባሉ ለውጥን የሚጠሉ ነበሩ ማለት አይደለም። የቤቱን ምሰሶ ሳይነቅሉ ጣራውን ማደስ የሚፈልጉ ሰው ነበሩ፤ ባርነትን በ1916 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ደረጃ በደረጃ ሲያጠቡት ቆይተው በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ፈጽመው መሻራቸው የዚሁ ጠባይ ፍሬ ነው። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ130ኛው አንቀጹ የግዛቱን ደን፥ ውሃ፥ አየርና መሬት ሀብት በሕይወት ላለውም ለሚመጣውም ትውልድ የተሰጠ ቅዱስ አደራ መሆኑን ደነገገ። በስቶክሆልም ዓለም ስለ አካባቢ ለመምከር ከመሰብሰቡ ከ16 ዓመት በላይ አስቀድሞ፥ የዙፋኑን ዘር ከሰሎሞን የሚቆጥር ሕገ መንግሥት ስላልተወለደ ትውልድ መናገሩ የሚያስደንቅ ነገር ነው፤ ምናልባትም አደራ የሚለው ቃል ከፓርላማ ይልቅ ለቤተ ክህነት የሚቀርብ በመሆኑ፥ ያ ዘመን በቀላሉ ሊረዳው ቻለ። በ1965 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ደግሞ ስለ መንግሥት ደን፥ ስለ ግል ደንና ስለ ጥብቅ ደን ሦስት አዋጆች በተከታታይ ወጡ፤ የአዋሽና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርኮችም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሕግ ተከለሉ።

ነገር ግን በቀወት ገበሬ ቤት ይህ አደራ ምን መልክ ነበረው? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጭሰኛው ከምርቱ ከአራት እጅ እስከ ሦስቱ ድረስ ለባለመሬቱ እንዲከፍል የሚፈቅድ ነበር። ጽድ ለምሰሶ፥ ወይራም ለሞፈር እስኪደርስ የሰው ዕድሜ እኩሌታ የሚፈጅ ሆኖ ሳለ፥ በሚመጣው ዓመት ከማሳው እንደማይነሣ ዋስትና የሌለው ሰው ዛፍ የሚተክለው ለማን ነው? እርከንስ የሚክበው ለየትኛው ልጁ ነው? በይፋት ገመገም የአርጎባ ሰዎች ከአባቶቻቸው የወረሱት የድንጋይ እርከን ዛሬም የሚያስመሰግን ነው፤ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያጸናው ግን መሬቱ የእኔ ነው የሚል እምነት ነው። የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር በ1958 ዓ.ም. ተቋቋመ፥ የጭሰኛውን ውል የሚያስተካክል የሕግ ረቂቅም ተዘጋጀ፤ ባለመሬቶች በተሰበሰቡበት ምክር ቤት ግን ረቂቁ ሲንከባለል ሳይጸድቅ ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱ ምክር ቤቱን ሊያስገድዱ ይችሉ ነበር፤ ዙፋናቸው የቆመበትን ምሰሶ መነቅነቅ ሆኖባቸው ይመስለኛል፥ አላስገደዱም።

ከታች በአዋሽ ዳር የነበረው ነገር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተመርቆ፥ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ፥ የወንዙ ዳር ለጥጥና ለሸንኮራ አገዳ ታላላቅ እርሻዎች ተሰጠ። ይህ ዳር በካርታ ላይ ባዶ መስሎ ቢታይም፥ የአፋር ከብት በበጋ የሚተርፍበት የመጨረሻው ሣር ነበር፤ ሕገ መንግሥቱ በማንም ስም ያልተያዘውን የግጦሽ መሬት የመንግሥት ስለሚያደርገው፥ አርብቶ አደሩ ለመከራከር የሚያቀርበው ወረቀት አልነበረውም። ሣሩ ሲታጠር ከብቱ ወዴት ይሂድ? ወደ ገመገሙ ግርጌ፥ ወደ ቀወትና ወደ ኤፍራታ ማሳ ዳር ነው እንጂ። በጎረቤታሞቹ መካከል የነበረው የቆየ የሣርና የውሃ ጠብ እየከረረ ሲሄድ፥ ነገሩን የጎሳ ጠባይ አድርጎ የሚያወራ ብዙ ሰው ሰምቻለሁ፤ የጥጡን እርሻ የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው።

ሐምሌ 1964 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የ80ኛ ዓመት ልደት ሲከበር፥ የሰሜኑ አገር ዝናም መስነፍ ጀምሮ ነበር። በተከተለው ዓመት ረኃቡ ወሎን አጥቅቶ፥ ከወሎ ጋር በአንድ ቆላ የተያያዘውን የይፋትና ጥሙጋ አውራጃንም አልማረም፤ በአፋር በረሃ ሣሩ አስቀድሞ ታጥሮ ነበርና ከብቱ በየመንገዱ አለቀ፥ ሰውም ተከተለው። ወንዙ የሚያጠጣው የጥጥ ማሳ ግን በዚያው ወራት ለምልሞ ነበር። መንግሥት ነገሩን ለመግለጥ ዘገየ፤ ጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በፊልም ካሳየው ወዲያ ለመሸፈን የማይቻል ሆነ። ይኸው ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ድግስ ምስል ጋር ተቀላቅሎ በ1967 ዓ.ም. መባቻ በቴሌቪዥን ታየ፥ መስከረም 2 ቀን ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። ዝናም ማንም ንጉሥ አያዝዘውም፤ የጎተራውና የዝምታው ጉዳይ ግን የሰማይ አልነበረም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ጭሰኝነት በአዋጅ ተሻረ፥ መሬትም የሕዝብ ሆነ ተባለ። በይፋት ወንዞች ዳር ግን በየትኛውም ነጋሪት ጋዜጣ ያልተጻፈ ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ሹመት አለ፤ የውሃ አባት ይባላል። ቦይ በሚጠለፍበት ቦታ ሁሉ ገበሬዎቹ ራሳቸው ይመርጡታል፤ በበጋ ወንዙ ሲቀጥን ተራ የሚቆርጠው፥ ተራውን የዘለለውንም የሚቀጣው እርሱ ነው። የታችኛው ማሳ ሌሊት የደረሰው ሰው ፋኖሱን ይዞ ቦዩ ዳር ያድራል፥ የላይኛው ጎረቤቱም ጎህ ሳይቀድ መዝጊያውን ይከፍትለታል።